የሚጠብቅ ትምህርት

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። ፕላዝማ የገባበት ዓመት። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን በብረት ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለልን። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ሳጥኑ ይከፈትና ሳተላይት ያመጣውን ትምህርት እናያለን።

ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ አነጋገሩም ለጆሯችን እንግዳ ነበር። ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ሥሩ ይባላል፣ ሰዓት ይቆጠራል። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች መገልበጡንም ትተውት ነበር።

የሒሳብ መምህራችን በሩ አጠገብ ቆሞ አብሮን ያይ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማራቸው ታላላቆቻችን ስሙን እየጠሩ ይምላሉ። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ምሳሌ እየተሠራ ሳለ ወደ እኛ ዞረና "ገባችሁ?" አለን። ማንም አልመለሰም። ጠመኔ አነሳና ወደ ሰሌዳው ሄደ። የመጀመሪያውን መስመር ጽፎ ሳይጨርስ ቴሌቪዥኑ ወደ ሁለተኛው ምሳሌ አለፈ። ግማሾቻችን እሱን እናያለን፣ ግማሾቻችን ስክሪኑን። ጠመኔውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠውና ወደ በሩ ተመለሰ።

ያ ጠመኔ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አሁን እኔም መምህር ነኝ፤ በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ከፍተኛ ትምህርትን በቴክኖሎጂ ስለማገዝ አዲስ ስትራቴጂ በመጣ ቁጥር፣ አዲስ ሥልጠና ላይ በተጠራሁ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ። ይሄ ትምህርት ተማሪውን ይጠብቃል ወይ?

ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ወደ እናቴ ልሂድ።

እማዬ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ሰርተፍኬቷን ወደ ዲፕሎማ ያሳደገችው በርቀት ትምህርት ነው። ሞጁሎቹ ከከተማ በፌስታል ተጠቅልለው ይመጣሉ። ወረቀታቸው ሸካራ፣ ቀለማቸው አንዳንድ ገጽ ላይ የደበዘዘ። ማታ እኛ ስንተኛ ኩራዙን ወደ ራሷ ታስጠጋና ታነባለች። እንቅልፍ ሲያሸንፋት የገጹን ጫፍ አጥፋ ትተኛለች። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ አትከፍተውም። ለቅሶ አለ፣ ታናሽ ወንድሜ ታሟል፣ የተማሪ ፈተና ማረም አለባት። ተመልሳ ስትከፍተው ግን ትምህርቱ ትታው የሄደችበት ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያገኛት። ያልገባትን አራቴም አምስቴም ትመላለስበታለች። ዳር ላይ በእርሳስ የጻፈችው አማርኛ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሚበልጥበት ገጽ ነበር።

ዲፕሎማዋ ዛሬም ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። እኔ ፕላዝማ ፊት ተቀምጬ ያልገባኝ ሒሳብ ነበር፤ እሷ በኩራዝ ዲፕሎማ ይዛለች። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ ስላየሁ ነው ነገሩ እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

የርቀት ትምህርት ግን በእኛ ሀገር ክብር አግኝቶ አያውቅም። "በርቀት ነው የተማረው" ሲባል ድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥራት ችግር አልነበረም አልልም፤ ነበረ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በርቀት ማስተማር እስከ መታገድ ደርሶ በኋላ ነው እገዳው የተነሳው። ያኔ ብዙ የተባለው ስለ ሐሰተኛ ዲግሪ ነው። ከሥራው፣ ከልጆቹ፣ ከእርሻው ሳይለይ መማር የቻለው ሰው ነገር ብዙም አልተነሳም።

በቴክኖሎጂ ማስተማሩም ቢሆን ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ባንክ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲን ሲጀምር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። ህንድ የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክን ስትዘረጋ ሙከራው የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. እዚሁ ኢትዮጵያ ነው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲን ኤምቢኤ የተከታተሉ አሉ። ወረዳዎችን የሚያገናኘው ወረዳኔትም ነበር፣ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔትም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢተርኔትም አለ። ሁሉም በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ብዙዎቹ ግን ሰው በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ክፍል፣ በተወሰነ ስክሪን ፊት እንዲገኝ የሚጠይቁ ነበሩ። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ያመለጠው አመለጠው።

ከዚያ 2012 መጣ።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ። ግቢው በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው፣ ፍራሻቸውን ዶርም ትተው ወደየቤታቸው ሄዱ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ይቀጥሉ፣ ለቅድመ ምረቃዎቹ ማንበቢያ ይላክላቸው ተባለ።

ለማስተርስ ተማሪዎቼ ዙም ከፈትኩ። ከአሥራ ስድስቱ ዘጠኙ ገቡ። ከዘጠኙ አራቱ እስከ መጨረሻው ቆዩ። አንዱ "መምህር፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል" እያለ ጻፈልኝ። ሌላዋ ፓኬጇ አልቆባት ወጣች። እኔ ግን ማውራቴን ቀጠልኩ፤ ሰዓቴን መሙላት ነበረብኝ። ያን ዕለት ማታ ላፕቶፑን ስዘጋ ፕላዝማው ትዝ አለኝ። እኔው ራሴ ፕላዝማ ሆኜ ነበር የዋልኩት።

በማግስቱ ስልኬን አውጥቼ በድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። አንድ ሐሳብ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቁጥሮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አነሳለሁ። "አሁን ሁለተኛውን ፎቶ ክፈቱ" እያልኩ አስረዳለሁ። በቴሌግራም ሲላክ አሥራ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ሦስት ሜጋባይት አካባቢ ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ለእኛ ተማሪዎች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመማርና ያለመማር ልዩነት ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። ቤቷ ገጠር ነው፤ ኔትወርክ የለም። ስማርት ስልኩ የወንድሟ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ እህል ይዞ ገበያ ሲወርድ አብራው ትወርዳለች። ከተማዋ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ስልኩ የሳምንቱን መልእክት በአንድ ጊዜ ይቀበላል። እሷ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የላክሁትን ሁሉ ታወርዳለች። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ታዳምጣለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሳይመንቷን በወረቀት ሠርታ፣ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ፎቶዎቹ ላይ የወረቀቱን ጫፍ እንዳይበር የያዘ ድንጋይ ይታያል። አንድ ጊዜ ከሥራዋ ጋር እንዲህ የሚል ጻፈችልኝ፦ "መምህር፣ ስምንተኛውን ድምፅ ስድስት ጊዜ ሰማሁት። አሁን ገብቶኛል።"

ክፍል ውስጥ ብትሆን ስድስት ጊዜ ድገሙልኝ ትለኝ ነበር? እኔስ እደግምላት ነበር?

ሰኔ ሲደርስ "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተባለው ሀገራዊ ስትራቴጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። አንብቤዋለሁ። ጥሩ ሐሳብ ያለበት ሰነድ ነው፣ በሀገሬ ተስፋ እንዳደርግም አድርጎኛል። በዚያው በሰኔ 23 ደግሞ፣ ከድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የማስተርስ ተማሪዎቼ የማጠናቀቂያ ሥራ ያስረክቡ የነበረው በዚያን ሰሞን ነው። ተማሪዋም ሦስት ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ምንም ሳታገኝ ተመልሳለች። አስቀድማ ያወረደችውን ግን ማንም አልወሰደባትም። በስልክ ሳገኛት "የድሮዎቹን እየደገምኩ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በትግራይ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ገደማ መስመር ተቋረጠ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት። በእነዚህ ቦታዎች ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተማሪዎች አሉ። ስለ ኦንላይን ትምህርት ሀገራዊ ስትራቴጂ ሲጻፍ መስመር ይቋረጣል የሚለው ነገር የአደጋ ጊዜ ምዕራፍ ሆኖ መጨረሻ ላይ መግባት የለበትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ እሱን ታሳቢ አድርጎ ይሠራ። የመቋረጡ ምክንያት ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ የራሴ አቋም አለኝ። ለተማሪዋ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ቅዳሜዋ ባክኗል።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ከያኔው ይሻላል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የሀገር ውስጡ ድርጅት ሻያሾን የሚሳተፉበት ትልቅ የኢ-ለርኒንግ ሥራ ተጀምሯል። 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 800,000 ተማሪዎችንና 35,000 መምህራንን ለመድረስ ያቀደ ነው። መምህራን በኦንላይን እንዴት ማስተማር እንዳለባቸው ተጨንቆ የሚያስብ ሰው መገኘቱ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው። እኛ ስንቀጠር ማስተማርን ያስተማረን አልነበረም፤ ጥሩ ውጤት ነበረን፣ ጠመኔ ተሰጠን፣ ገባን።

የሚያሳስበኝ ቁጥሩ እንዴት እንደሚቆጠር ነው። ይህን ያህል ኮርስ ተጫነ፣ ይህን ያህል ተማሪ አካውንት ተከፈተለት፣ ይህን ያህል መምህር ሠለጠነ። አካውንት የተከፈተለት ተማሪ ስንቴ ገባ? የገባውስ ከኮርሱ ስንቱን ስልኩ ላይ ይዞ ለክረምት ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል? እኔ ሪፖርት ተቀባይ ብሆን ሌላውን ትቼ ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ነበር የምጠይቀው።

ተማሪዎቻችን እኮ መንገዱን ራሳቸው አግኝተውታል። ማንም ስትራቴጂ ሳይጽፍላቸው በፊት ሃንድአውት በፍላሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር፣ በቴሌግራም ሲለዋወጡ ኖረዋል። እያንዳንዱ ባች የራሱ ቻናል አለው። የአምስት ዓመት ፈተና፣ የሲኒየሮች ማስታወሻ፣ ስካን የተደረገ መጽሐፍ እዚያ ይገኛል። ሌሊት የዳታ ዋጋ ሲረክስ አንዱ ያወርዳል፣ ጠዋት ዶርሙ ሙሉ ይካፈላል። አንዱ ከፍሎ ስምንቱ ይማራሉ። ይህ ሥርዓት ነው፤ በደንብ የሚሠራ ሥርዓት። ሀገራዊ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አንድ ሳምንት ዶርም ውስጥ ቢያድር ብዬ እመኛለሁ።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ይህን በቀላሉ ማሳደግ ይቻላል። ኮርሶቹ በግቢው ሰርቨር ላይ ከተቀመጡ ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ያለ ምንም ዳታ ያወርዳቸዋል። ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢቆረጥም የግቢው መስመር ይሠራል። ባለሙያዎቹ አሉን፤ ብዙ ግቢ ውስጥ ሰርቨሩም አለ። የሚቀረው የመብራት ነገር ነው። ጀነሬተሩ ለማን ቅድሚያ ይሰጣል የሚለው። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ለአስተዳደር ሕንፃ ተነስቶ ላይብረሪ ጨለማ ውስጥ ሲቀር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ስለ መምህሩም ልናገር፤ ይህ የራሴ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልፈዋለሁ። አንዱን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ለማዘጋጀት ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል። ምን ልተው፣ የቱን ምሳሌ ላምጣ፣ የቱ ላይ ይደናቀፋሉ እያልኩ አስቤ፣ ጽፌ፣ ቀድቼ፣ አዳምጬ እንደገና እቀዳለሁ። ሎድ፣ ማለትም የማስተማር ሥራዬ መጠን፣ የሚቆጠርልኝ ግን ክፍል ገብቼ በቆምኩበት ሰዓት ነው። አርባ ድምፅ ቀዳሁ ብዬ ለዲፓርትመንት ኃላፊዬ ስነግረው ከልቡ አመሰገነኝ፤ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ ግን አልነበረውም። ለዕድገት የሚቆጠረውም ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ነው። ቤተሰብ ያለው፣ ደመወዙ ለወር የማይበቃው፣ ማታ ማታ ሌላ ቦታ የሚያስተምር መምህር በምን ጊዜው ነው ይህን የሚሠራው? ጥሩ የኦንላይን ኮርስ ማዘጋጀት እንደ ማስተማር፣ ሲሆን ደግሞ እንደ መጽሐፍ መጻፍ ካልተቆጠረ፣ ድሮ ያለውን ስላይድ ፒዲኤፍ አድርጎ ከመጫን የሚያልፍ ሰው ጥቂት ይሆናል። እነዚያም ጥቂቶች ይደክማቸዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተካክል ደንብ ደግሞ ዕድሜ ይፈልጋል። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ተቋቁሞ በ2014 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ሦስት ዓመት። አንድ ተማሪ ዲግሪውን ሳይጨርስ ማለት ነው።

ሌላም የማዝንበት ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል። ፈተናውን አልቃወምም። ግን ግቢያችን ውስጥ ለብዙ ተማሪ ኮምፒውተር የደረሰው መጀመሪያ ሊፈትነው ነው። አራት ዓመት ሙሉ የኮምፒውተር ላብ በሳምንት አንዴ፣ ሦስት ሆነው በአንድ ማሽን። በመጨረሻው ወር ማውዝ አያያዝ የሚለማመድ ተመራቂ አይቻለሁ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ ነው።

አንድ ማየት የተሳነው ተማሪም ነበረኝ። እሱ ያስተማረኝን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል። የእኛ ሃንድአውት ግን አብዛኛው መጽሐፍ ፎቶ ተነስቶ ነው፤ ስልኩ ሲከፍተው ባዶ ገጽ ነው የሚሆንበት። ሦስት ዓመት ጓደኞቹ እያነበቡለት ነው የተማረው። ድምፆቹን ስልክለት ግን ሌላ ችግር አመጣ። "መምህር፣ 'ፎቶውን እዩ' ሲሉ እኔ እቀራለሁ" አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ላይ ያለውን ሁሉ በአፌ እናገራለሁ። ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ መሐል ላይ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይወርዳል እላለሁ። የሚገርመው፣ ያ ለውጥ ከመጣ በኋላ ዓይን ያላቸውም ተማሪዎች ይበልጥ ገባን አሉኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ሥልጠና ነበረን። ሙድል በተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ ኮርስ እንዴት እንደሚደራጅ ነው። አሠልጣኙ ትሑትና ታጋሽ ሰው ነበር። መጨረሻ ላይ እጄን አወጣሁና "ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል?" አልኩት። የስልኩ መተግበሪያ አስቀድሞ ለማውረድ ይፈቅዳል አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ከሥልጠናው ወጥቼ ላይብረሪ በር ላይ ካገኘኋት ተማሪዬ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ስልኳ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ቦታው የሞላ ነው። የእኔን ኮርስ በግቢው ዋይፋይ አወረደች። ከዚያ ዋይፋዩንም ዳታውንም አጠፋችና አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። ጽሑፎቹ ተከፈቱ። መልመጃዎቹ ተከፈቱ። ድምፆቹ ተከፈቱ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። እዚያ ያስገባሁት ከዩቲዩብ የመጣ ቪዲዮ ነበር፤ ስላማረኝ፣ ሥራም ስለቀነሰልኝ።

"ይሄኛው አይጠብቅም" አልኳት።

"ስንት ናቸው እንዲህ የሆኑት?" አለችኝ።

ቆጠርናቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ትናንት ማታ አራተኛውን ቀድቼ ጨርሻለሁ።